ከመሰላሉ ሥር የቀሩት ጫማዎች

መተማ ዮሐንስ ላይ ፀሐይ አትወጣም፤ ትወርዳለች። ወርዳ የሰው ትከሻ ላይ ጉብ ትላለች። በዚያ ሰሞን እንዲያውም ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ እንሽላሊት ጥላ ፍለጋ ባጃጅ ተሳፈረች፣ ለሒሳቡም ጅራቷን አስይዛ ወረደች ተብሎ ተወርቷል። እንዲህ ባለው ምድር፣ ጀልባ ቀርቶ ማንኪያ የሚያንሳፍፍ ውሃ በማይታይበት ወራት፣ ከሐጅ አብዱረሕማን የሰሊጥ መጋዘን ጀርባ አንዲት ነጭ የሽርሽር ጀልባ በርሜሎች ላይ ተኮፍሳ ነበር ቢባል ማን ያምናል? ነበረች እንጂ! ሱዳን ድንበር ላይ የቆመ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ዞር ብሎ ሳያያት አላለፈም።

በደጉ ዘመን ካርቱም ላይ፣ በዓባይ ወንዝ ሙሽሮችንና ባለጸጎችን ስታንሸራሽር የኖረች ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ባለቤቷ ተሳቢ ላይ ጫናት፤ በገላባት አሻግሮም ለጥንት የንግድ ባልንጀራው ለሐጅ አብዱረሕማን ላካት። አብረዋት የመጡት ራይስ ዑበይዳ ብቻ ናቸው። ራይስ ማለት በሱዳኖቹ አፍ የጀልባ አዛዥ ማለት ነው። አዛውንቱ ከጉርምስናቸው ጀምሮ መሪዋን ሲይዙ ኖረው፣ አሁን በጥላዋ ሥር ነው የሚተኙት። ጀልባዋ በርሜል ላይ ብትወጣም የእሳቸው ማዕረግ አልወረደም።

የሐጂ ሐሳብ ትልቅ ነበር። ጣና ዳር፣ ጎርጎራ ላይ፣ የሆቴል ባለቤት ልጅ የሆነ አብዱልሀኪም የሚባል ወጣት አለ። ሐጂ ልጃቸውን ሩፊዳን ለዚህ ወጣት ሊድሩ ቃል ገብተዋል። ጀልባዋና ልጅቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ወደ ጣና ይወጣሉ። የቀረው የወለሉ ምንጣፍ ብቻ ነበር። አሮጌው ቡናማ ምንጣፍ የስንት ዘመን ዓሣ፣ የስንት ሰው ላብ፣ የስንት ሰርግ ሽቶ ጠጥቶ፣ ወለሉ ላይ በማጣበቂያ ተጣብቆ ተቀምጧል።

ለዚህ ሥራ የተጠራው ሳጂድ ነው። ሳጂድ የከባድ መኪና ጋቢና የሚያለብስ፣ ወንበሩን ሰፍቶ ወለሉን የሚያነጥፍ ጎበዝ ነው። እሱ ያለበሰው ጋቢና ውስጥ የገባ ሹፌር ቤቱ መግባት ያስጠላዋል፣ በዚህም ምክንያት ሦስት ትዳር ሊፈርስ ለጥቂት ተርፏል ይባላል። ተወልዶ ያደገው ሳንጃ ነው። አባቱን አያውቅም፤ እናቱን ቀብሮ፣ ለሰሊጥ አጨዳ አብደራፊ ወርዶ፣ ከዚያ ከአንድ የገዳሪፍ ባለሙያ ሥራውን ተምሮ እዚህ ቀረ። መሬት የለው፣ ዘመድ የለው፤ ያለው እጁና የማያርፍ እግሩ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። ሲበላ እንኳ ቆሞ፣ ሲተኛ እንኳ እግሩ እየተራመደ ነው የሚሉት።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ሩፊዳን የወደደው። ወደደ ስንል፣ አንዱ ጎረምሳ አንዷን ኮረዳ እንደሚወደው ዓይነት አይምሰላችሁ። ያንን ፍቅር ሰሊጥ አድርገው ቢያጭዱት የመተማ መጋዘን ሁሉ ሞልቶ የተረፈው ለገላባት ይበቃ ነበር።

* * *

የተጣበቀ ምንጣፍ ማንሣት የራሱ ጠባይ አለው። ጨርቁን በቢላ በየስንዝሩ ቀዶ መገሽለጥ ቀላሉ ነው። ጨርቁ ሄዶ ማጣበቂያው ይቀራል። የቀረው ማጣበቂያ ጠዋት ድንጋይ ነው፤ ቢፍቁት መፋቂያው ይታጠፋል፣ ኃይል ቢጨምሩበት ደግሞ የጀልባዋን ፋይበርግላስ ይቦጭቃል። ሌላ አገር በእሳት ያሞቁታል አሉ። መተማ ላይ ምን እሳት ያስፈልጋል? ሳጂድ እኩለ ቀን ላይ ሸራውን ከላዩ ገፎ ወለሉን ለፀሐይ ይሰጣል። ማጣበቂያው እንደ ማር ሲለሰልስ እየተንበረከከ ይፍቃል። ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በተደበቀበት ሰዓት እሱ ብቻውን ሰማይና ጀልባ መካከል ይጠበሳል።

በዚያ ሰዓት ነበር ሩፊዳ የምትመጣው።

በቀይ ነጠላ ጫማዋ ጠቅ ጠቅ እያለች፣ ከሱዳን የመጣ ቢጫ ቶብ እስከ ግንባሯ ተከናንባ ከመሰላሉ ሥር ትቆማለች። ሰበቧ ምንጣፉ ነው። የአባቷ ሰዎች ከጎንደር ናሙና ሲያመጡ የምትመርጠው እሷ ናት።

የመጀመሪያው አረንጓዴ ነበር። በእጇ ጀርባ ዳበሰችውና፣ «ይሄማ ሣር ነው፤ ከብት ይጠራብናል» አለች።

ግራጫ መጣ። «ጎረቤት አመድ ደፋብን የሚያሰኝ ነው።»

ቀይ መጣ። «ሰው ከመስጊድ የሰረቅነው ይመስለዋል። መልሱት!»

አንዱ ተመልሶ ሌላው እስኪመጣ፣ መንገዱ ተዘግቶ እስኪከፈት፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ይደረባል። ሐጂ በገበያው ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው ያወራሉ። «ልጄ ለሙሽርነቷ ምንጣፍ እያማረጠች ናት! ጎንደር ውስጥ ያልመለሰችው ምንጣፍ ካለ ይቅረብ!» ይላሉ።

ሳጂድ ግን በሰማ ቁጥር ልቡ ትጨሳለች። ለሌላ ወንድ እግር የሚሆን ምንጣፍ ነው የምታማርጠው። ሙሽርነቷ እንዲያምርላት ነው ይህ ሁሉ ጣጣ። እንዲህ እያሰበም ሥራውን ያዘገያል። በቀን አንድ ትሪ የምታህል ቦታ ፍቆ፣ ያችኑ መልሶ ይፍቃታል። ምንጣፉ ካለቀ እሷ ትሄዳለቻ! ጠዋት ለመጨረስ ይቸኩላል፤ ቀትር ላይ እንዳያልቅ ይጸልያል። አልጋው ጠበበው፤ ምግቡ መረረው። ከቤቱ ወደ ጀልባዋ፣ ከጀልባዋ ወደ ድንበሩ እየተመላለሰ ሸበጡን ጨረሰ። ሸበጡ ደግሞ ከጎማ የተሠራ፣ ማስቲሽ እየጠጣ የወፈረ፣ አንዱ እግር ብቻ የአንድ ጠቦት ክብደት ያለው ነበር።

አንድ ቀን ራይስ ዑበይዳ ከጥላቸው ሆነው ሲያዩት ቆዩና ሳቁ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ትናንት የፋቅሃትን ነው ዛሬም የምትፍቃት?»

«ማጣበቂያው የድሮ ነው ራይስ። ጠንክሯል።»

«ማጣበቂያውን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ ሲቀባ ነበርኩ። የጠነከረውስ ሌላ ነው። ያቺ ቢጫ ቶብ ስትመጣ መፋቂያው እጅህ ላይ ይቀልጣል፤ ስትሄድ ደግሞ ወለሉን በግንባርህ ልትፍቀው ምንም አይቀርህ።»

ሳጂድ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ሰው ምስጢሩ ሲነካበት ይጮሃል፤ እሱም ጮኸ።

«እኔ? እኔ ሳጂድ? ወላሂ ይቺ ሥራ አልቃልኝ በተገላገልኩ! አብደራፊ የስንቱ ትራክተር ወንበር እየጠበቀኝ ነው! የሀብታም ልጅ ቅምጥልነት ሳይ መዋል ሰልችቶኛል! አልቆ በሄዱልኝ፣ ጀልባዋም እሷም!»

ከጀልባዋ ማዶ ጠቅ ጠቅ የሚል ነጠላ ጫማ በፍጥነት ሲርቅ ተሰማ። ሳጂድ የመጋዘን ሠራተኞች መሰሉት። ራይስ ዑበይዳ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «አይ ልጅ! አይ አፍ!» አሉ።

በማግሥቱ ሰማያዊ ምንጣፍ መጣ። ሩፊዳ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር። በእጇ ጀርባ እንኳ አልዳበሰችውም።

«ይሄ ይሁን» አለች።

«ይሁን?» አሉ ሐጂ፤ ደስታቸው ጥርሳቸው ላይ በርቶ። «አልሐምዱሊላህ! እንግዲያማ ሐሙስ የእነ አብዱልሀኪም ሽማግሌዎች ይምጡና ቀኑን ይቁረጡ። ጀልባዋንም ያዩዋታል። ሰማህ ሳጂድ? ሐሙስ!»

«ሰምቻለሁ ሐጂ።»

ሩፊዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በቀጥታ አየችው። ያ አስተያየት ንፋስ ቢሆን ኖሮ ጀልባዋን ከበርሜሉ አንሥቶ ያለ ውሃ ጣና ያደርሳት ነበር። እሱ ግን ንቀት መሰለው። ዞሮ መፋቂያውን አነሣ፤ በወር ያልፋቀውን በሁለት ቀን ፋቀው። በኮንትራት እንደሚያጭድ ሰው ጎንበስ እንዳለ ቀና ሳይል ፋቀ። ከእጁ ደም ፈሰሰ፤ ከወለሉ ማጣበቂያ ጠፋ። በወለሉ ዳር የበሰበሰውን እንጨት ቆርጦ በአዲስ ተካ። ሰማያዊውን ምንጣፍ በአሮጌው ልክ ቆረጠ፤ ጠጉሩም ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲተኛ በመዳፉ እያበጠረ አስተካከለ።

እሷ ከቤቱ መስኮት ታየዋለች። አንዴ ብቻ ውሃ ይዛ መጣችና መሰላሉ ሥር አስቀመጠችው።

«እንኳን ደስ ያለህ። ልትገላገል ነው።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አላት። «አንቺም ልትገላገዪ ነው።»

ውሃው እዚያው መሰላሉ ሥር ዋለ። ማንም አልጠጣውም፤ ፀሐይዋ ግን ጠጣችው።

* * *

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሳጂድ ጀልባዋ ላይ ነበር።

መፋቅ ቀትርን ይወዳል፤ ማጣበቅ ግን ንጋትን። ማስቲሽ ለወለሉም ለምንጣፉ ጀርባም ይቀባል። ወዲያው አይገጥሙትም፤ ይጠብቁታል። በጣት ጀርባ ሲነኩት ጣት መያዝ እስኪተው ይጠብቃሉ። ያኔ አንዴ ይገጥማል። ከገጠመ በኋላ ልመና የለ፣ ማንሣት የለ፣ ማስተካከል የለ። ብዙ ከቆየ ደግሞ ደርቆ ጭራሽ አይዝም። በቀትር ፀሐይማ መተማ ላይ ከቆርቆሮው ሳይወጣ ይደርቃል። ስለዚህ ጠዋት ነው፤ ሁለት ሰውም ይፈልጋል። አንዱ የፊቱን ሹል ጫፍ፣ አንዱ የኋላውን ይዞ፣ አየር ላይ ወጥረው ቀስ እያሉ ማውረድ ነው።

ራይስ ዑበይዳ ሊይዙለት ቃል ገብተው ነበር። ማስቲሹ ወለሉ ላይ ተቀብቶ፣ የምንጣፉ ጀርባ ተቀብቶ፣ ሳጂድ በጣት ጀርባው ነክቶ «ደረሰ ራይስ! ይውጡ!» ሲል፣ ከታች የመጣው ድምፅ ሌላ ነበር።

«ወገቤ! ያ ዞል፣ ወገቤን ያዘኝ! መሰላሉ አልሆነኝም!»

«ምን? ራይስ፣ አሁን? ሊደርቅብኝ ነው እኮ!»

ሳጂድ ጫፉን እንደያዘ ተንቆራጠጠ። ለብቻው ቢያወርደው ይጣመማል፤ ቢተወው ይደርቃል። ይኸኔ ነው መሰላሉ ሲጢጥ ያለው። ቢጫው ቶብ ብቅ አለ።

«ራይስ ዑበይዳ ላኩኝ። እኔም የምልህ ነበረኝና መጣሁ። ላመሰግንህ ነው፤ ቸኩለህ ስለጨረስክልን—»

«በመሐል እንዳትረግጪ! በጠርዙ ዙሪያ እለፊ! ያንን ጫፍ ያዢልኝ!»

«ምን?»

«ያዢው በአላህ! ቶሎ!»

ያዘችው። በባዶ እግሯ ነበረች። አዲስ ምንጣፍ ላይ በጫማ የሚወጣ የለምና፣ ያለ ሐሳብ፣ እንደ ቤቷ ልማድ፣ ቀዩን ነጠላ ጫማዋን መሰላሉ ሥር አውልቃለች። ከሳጂድ ጎማ ሸበጥ አጠገብ። የወንድና የሴት ጫማ አንድ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲታይ፣ በመተማ ከዚያ በላይ የሚናገር ነገር የለም። ግን ማን ያንን አሰበ?

ሰማያዊው ምንጣፍ በሁለቱ መካከል አየር ላይ ተወጠረ። እሱ በፊቱ ሹል፣ እሷ በኋላው። በሥሩ ማስቲሹ ያብለጨልጫል። ወደፊት አንድ እርምጃ መቅረብ አይቻልም፤ መልቀቅም አይቻልም። ያን ያህል ጊዜ በመሰላል ሥርና በመስኮት ሲሸሻሹ የኖሩ ሰዎች፣ አሁን የሚሸሹበት አጡ።

«እጅሽ አይንቀጥቀጥ» አላት።

«የኔ አይደለም የሚንቀጠቀጠው። የአንተ ነው፤ በምንጣፉ በኩል እየመጣብኝ ነው።»

እውነቷን ነበር። ሳጂድ አፈረ።

«ቀስ ብለን… አንቺ ጥግሽን ያዢ፣ እኔ—»

«ለምን ቸኮልክ?» አለችው።

«ሊደርቅ ነዋ!»

«ማስቲሹን አይደለም። ወር ሙሉ አንዲት ትሪ ስትፍቅ ኖረህ በሁለት ቀን ለምን ጨረስከው? እኔን ለማስወጣት ይሄን ያህል ቸኮልክ?»

ሳጂድ ጫፉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«አንቺ ለምን አማረጥሽ?» አለ። «አረንጓዴው ምን ነበረበት? ቀዩ? ለሱ እግር ምንጣፍ ስታማርጪ እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ… ልቤን እኮ ነው ስትመልሺው የኖርሽ፣ በየሳምንቱ!»

ሩፊዳ ዐይኗ ተሞላ። እንባዋን የምትጠርግበት እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም ምንጣፍ ይዘዋል። እንባው በጉንጯ ወርዶ በሰማያዊው ጠጉር ላይ ተንጠባጠበ።

«አረንጓዴው ቆንጆ ነበር» አለች። «ግራጫውም ቆንጆ ነበር። ቀዩማ… ለቀዩማ አልቅሼለታለሁ ስመልሰው። ምንጣፉ እስኪመጣ ጀልባዋ አትሄድም። ጀልባዋ ካልሄደች እኔም አልሄድም። ይሄው ነው ማማረጤ! አንተ ግን ለራይስ ዑበይዳ ስትነግራቸው ሰማሁህ። ‘አልቆ በሄዱልኝ፣ ጀልባዋም እሷም’ ስትል። ያ አላህ! ለማን ብዬ ነው የማማርጠው አልኩ። ሰማያዊውን አይቼውም አላውቅ። እስካሁንም አላየሁትም።»

«ሩፊዳ…»

«እሷም አልክ። በስሜ እንኳ አልጠራኸኝም።»

«በስምሽማ ብጠራሽ ኖሮ» አለ ሳጂድ፣ «አዛውንቱ ሁሉንም ያውቁብኝ ነበር። ስምሽን በአፌ ይዤ ሌላ ነገር መዋሸት አልችልም። ያቺን አንዲት ትሪ ወር ሙሉ የፋቅኋት እኮ እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው።»

ፀሐይ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ብቅ አለች። ማስቲሹ እየደረቀ ነው። ማንም ግን ወደ ታች አላየም።

* * *

«ይህ ምንድን ነው?»

የሐጅ አብዱረሕማን ድምፅ ከመሰላሉ ሥር መጣ። የሰሊጥ ጨረታ ላይ ሲጮኹ አብደራፊ የቆመ ትራክተር በድንጋጤ የሚነሣበት ድምፅ ነው። ዛሬ ግን ከጩኸትም የከፋ፣ የታፈነ ነበር። ጫማዎቹን አይተዋል።

«ራይስ ዑበይዳ! የማን ጫማ ነው ይሄ?»

«ወገቤ ሐጂ… ወገቤ…»

መሰላሉ በክብደታቸው ጮኸ። ነጩ ቆባቸው፣ ከዚያም ፊታቸው ብቅ አለ። ልጃቸውን አዩ፤ ሳጂድን አዩ። እንባዋንም አዩ። እግራቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ—

«ሐጂ! እንዳይረግጡ!» አለ ሳጂድ። «ማስቲሽ ነው! ጫማዎትን ያውልቁና በጠርዝ ይግቡ፤ መሐሉን ይያዙልን! መሐሉ እየረገበ ነው፣ ከነካ አበቃ!»

ሐጅ አብዱረሕማንን ያዘዘ ሰው ከእናታቸው ሞት ወዲህ አልነበረም። አፋቸውን ከፈቱ። የረገበውን ምንጣፍ አዩ፤ በሥሩ የሚያብለጨልጨውን ወለል አዩ። ሽማግሌዎቹ በደረሱበት ሰዓት የሙሽራዋ ጀልባ ወለል ተጨማድዶ ሲታይ በሐሳባቸው መጣ። ንግድ የኖሩበት ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሲበላሽ ቆመው ማየት አልተፈጠረላቸውም። ጥቁር የቆዳ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ታች ጣሉት። በጠርዙ ዙረው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ መሐሉን ያዙ።

«ከፊቱ ነው የምንጀምረው» አለ ሳጂድ። «እኔ ሳወርድ እናንተ ወጥራችሁ ያዙ። ሐጂ፣ ወደ ራስዎ አይሳቡት። ሩፊዳ፣ ከፍ! ከፍ አድርጊ… አሁን ሐጂ… ቀስ… አሁን አንቺ… ኸላስ፣ በቃ!»

ወረደ። ያዘ።

«መዳፋችሁን! ከመሐል ወደ ዳር ተጫኑ፤ አየር እንዳይቀር!»

ሦስቱም ተንበረከኩ። በመዳፋቸው እየገፉ ሄዱ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ደረሱ። የሩፊዳ እንባ አሁንም ይንጠባጠባል፤ ሐጂ እጃቸው ላይ አንድ ጠብታ አረፈ። እጃቸውን ቆም አደረጉ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» አሉ፤ ቁጣቸውን ፈልገው ሳያገኙት።

«አልሄድም አባ።»

«ምን?»

«ምንጣፎቹን የመለስኳቸው ላለመሄድ ነው። አልሄድም።»

ሐጂ መዳፋቸውን ከምንጣፉ አነሡ። ገበያው ላይ የነፉት ደረታቸው ቀስ እያለ ሲተነፍስ ሳጂድ ከፊቱ ጥግ ሆኖ አየው። የሚመጣውን መዓት ይጠብቃል። አጥንቱን የሚቆጥር ጩኸት፣ ዱላ፣ ፖሊስ ጠበቀ። አልመጣም።

«እኔ እኮ» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ «ደስ ብሎሽ መስሎኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ተናገርኩ… ልጄ ደስ ብሏት ታማርጣለች ብዬ። ሌሊት እየተነሣሁ ሾፌሮቹን የላክሁት ደስ ብሏታል ብዬ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ አባ።»

«ማማረጥሽን ሳይ መልስሽ መሰለኝ።»

ሳጂድ ጎንበስ አለ። እንደ እሱ የተሳሳተ ሌላ ሰው፣ ያውም እንደዚህ ያለ ትልቅ ሰው፣ በዚያው ምንጣፍ፣ በዚያው ማማረጥ ተታሎ ኖሯል። ያን ያህል ዘመን የፈራቸው ሰው ድንገት አሳዘኑት። እሱ ቢያንስ ሲሳሳት ይናደድ ነበር። እሳቸው ግን ሲደሰቱ ነበር የኖሩት።

ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። የጎርጎራ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ አድረው ደርሰዋል።

ሐጂ ተነሡ። ከጀልባዋ ጠርዝ ወደ ታች ተመለከቱና ቆሙ። ከመሰላሉ ሥር ጫማዎቹ ተደርድረዋል። ሸበጡ፣ ቀዩ ነጠላ ጫማ፣ የራሳቸው ጥቁር ጫማ፤ ከአጠገቡም ደግሞ ያረጀ የሱዳን የቆዳ ጫማ፣ መርኩብ። ራይስ ዑበይዳ ጫማቸውን አውልቀው ከሌሎቹ ጎን አስቀምጠው፣ ‘ልጅቱ ከወንድ ጋር ብቻዋን ነበረች’ የሚል አፍ ለመዝጋት፣ ገና በጠዋቱ የጋለው የመተማ መሬት እግራቸውን እየጠበሰው በአንድ እግር ዘለል፣ በሌላው ዘለል እያሉ ቆመዋል። ወገባቸው ለጊዜው ድኗል።

ሐጂ ዐይናቸውን ከአዛውንቱ እግር ላይ ነቅለው ወደ ሳጂድ መለሱ።

«ሽማግሌ አለህ?»

«የለኝም ሐጂ። ሰው የለኝም።»

«ወላሂ አለው!» አለ ከታች አንድ ድምፅ፣ እየዘለለ። «ራይስ ዑበይዳ ምን ሊሆን ነው? ግመል?»

ሐጂ አልሳቁም። ግን መሰላሉን ሲወርዱ እንደወጡት አልጮኸም። ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁና ወደ በሩ ሄዱ።

«የኋላውን ተጫኚልኝ… የፊቱ ጥግ ጠርዙ እንዳይነሣ እኔ መያዝ አለብኝ» አለ ሳጂድ።

ሩፊዳ ግን ተነሥታለች። «አባዬን ብቻውን አልተወውም» አለች። ወደ መሰላሉ ሄደች። ወደ ታች ስትወርድ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። መሰላል ሥር ስትቆምም፣ መስኮት ላይ ስትቆምም ያላየባት አስተያየት ነበር። ምንም አልፈራም፤ ምንም አልጠየቀም።

ከዚያ ሸርተት፣ ሸርተት የሚል ድምፅ ሰማ።

ጠቅ ጠቅ አልነበረም። ሳጂድ መዳፉን ጥጉ ላይ እንደተጫነ አንገቱን ብቻ አስግጎ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተመለከተ። ሩፊዳ የጠቦት ክብደት ያለውን፣ ማስቲሽ የጠጣውን የእሱን የጎማ ሸበጥ ተጫምታ፣ በጓሮው መሐል፣ በሰው ፊት፣ እየጎተተችው ወደ አባቷ ትሄዳለች። ተሳስታ ይሁን አውቃ አላህ ይወቅ። ቀዩ ነጠላ ጫማዋ ከመሰላሉ ሥር ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ በጥሩ ልብስ በሩ ላይ ቆመዋል። ሰላምታቸው መሐል ላይ ተቋረጠ። ዐይናቸው ከፊቷ ወረደ፤ ከቶቡ ጫፍ ወረደ፤ እግሯ ላይ አረፈ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂም የልጃቸውን እግር አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ። መተማ ላይ የዚያን ዕለት ጠዋት ንፋስ ቆሞ ነበር፤ ባጃጅ እንኳ ጥሩምባ አልነፋም፤ ድንበሩ ላይ የሚጮኸው አህያ ሳይቀር ዝም ብሎ ነበር ይላሉ።

«ግቡ» አሉ ሐጂ በመጨረሻ። «ምግብ ቀርቧል። ጀልባዋ አልቃለች፤ ትወስዷታላችሁ፤ የኔ ቃል ነው።» ተነፈሱ። «ልጄ ግን አትሄድም። እሷን ሳልጠይቅ ነው ቃል የሰጠኋችሁ። ጥፋቱ የኔ ነውና ይቅር በሉኝ።»

ከዚያም ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ ድምፃቸውን ወደ ጀልባዋ ከፍ አድርገው፣ «አንተ! እዚያ ላይ ያለኸው! ሽማግሌ ሳትልክ ጓሮዬን እንዳትረግጥ!» አሉ።

ራይስ ዑበይዳ መርኩባቸውን አጥልቀው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ ጢማቸውን አበጥረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሳጂድ የሚሄድበት አልነበረውም። ጥጉ እስኪይዝ መጫን አለበት፤ ሸበጡም ሄዷል፤ ሥር ያለው ነጠላ ጫማ ደግሞ የእግሩን አውራ ጣት እንኳ አይችልም። ከሳንጃ ወደ አብደራፊ፣ ከአብደራፊ ወደ መተማ ሲቅበዘበዝ የኖረው ሰውዬ በባዶ እግሩ፣ በሁለት መዳፉ፣ በሰማያዊው ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ ቀረ። ጉንጩን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ምንጣፉ እርጥብ ነበር፤ እሷ በመዳፏ እየተጫነች እስከዚያ ስትደርስ ያለቀሰችበት ነው።

እግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለለት።

ሸርተት፣ ሸርተት የሚለው ድምፅ ግን፣ ጓሮውን አልፎ፣ ቤቱን አልፎ፣ ወደ ልቡ እየገባ፣ እየቀረበ ይሰማው ነበር።